ጨጓራዬ ተነሳብኝ

ግቢ ውስጥ የሚጨነቅ ሰው የለም። ጨጓራው የተነሳበት፣ ራሱን የሚያመው፣ «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» የሚል፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ግን ሞልቷል። አራት ዓመት ስንማር «ተጨንቄያለሁ» ብሎ የክሊኒክ ካርድ ያወጣ ተማሪ አላየንም። በፈተና ሳምንት ግን የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ከላይብረሪው ወንበር ቀድሞ ነበር የሚያዘው። መቼም ሆዱን ላመመው ሰው ይታዘንለታል፤ ሐሳብ የበዛበት ሰው «ምን ጎደለህ?» ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም ብልጥ ሆንና ሐሳባችንን ሆዳችን ውስጥ ደበቅነው።

እኛ ስንል የ2012 ባችን ማለታችን ነው። ካላስታወሳችሁን እናስታውሳችሁ። ተመልሶ የመጣው የፍሬሽማን ፕሮግራም የተጀመረው በእኛ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሞቱ፤ ቤተሰብ በየቀኑ እየደወለ «ይቅርብሽ፣ ነይ» ይለን ነበር። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ሻንጣችንን አሸክሞ ወደየቤታችን ሰደደን። ጥቅምት 2013 በሰሜን ጦርነት ሲጀመርና ስልክ ሲቋረጥ፣ ትግራይ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ወራት አሳለፉ። በዚያ ላይ ስንገባ ያልነበረ የመውጫ ፈተና ሐምሌ 2015 ላይ ጠበቀን፤ 50 በመቶ ያላመጣ የአራት ዓመት ድካሙ ዲግሪ አይሆንለትም ተባለ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው እዘኑልን ለማለት አይደለም። ከእኛ በኋላ የመጡት ሌላ ሸክም ይዘው ነው የሚገቡት። ጥር 2015 ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ30 ተፈታኝ አንድ ሰው ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ከ30 አንዱ ሆኖ ያለፈ ልጅ፣ ሰፈር እልል ብሎ የሸኘው ልጅ፣ ግቢ ገብቶ በሁለተኛው ወር «ከበደኝ» ለማለት ምን አፍ ይኖረዋል?

ጅቡ አልሄደም

ስትሬስ የሚባለውን ነገር ሳይንስ ከሆድ ጋር ካገናኘው ቆይቷል። ሃንስ ሰልዬ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦችን በብርድም ይሁን በጉዳት ወይም በድካም ሲያስጨንቃቸው ሰውነታቸው ተመሳሳይ መልስ እንደሚሰጥ ጻፈ። ኩላሊት ላይ ያሉት የአድሬናል ዕጢዎቻቸው አበጡ፣ ጨጓራቸውም ቆሰለ።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። ማታ መንገድ ላይ ጅብ ቢገጥማችሁ እነዚህ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል። የምግብ መፈጨት ደግሞ «አሁን ጊዜው አይደለም» ተብሎ ይቀዘቅዛል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ የእኛ ጅብ አይሄድም። ሚድ ሲያልፍ ፋይናል፣ ፋይናል ሲያልፍ የዲፓርትመንት ምርጫ፣ ከዚያ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ከዚያ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያ «ሥራ አገኘሽ?» የሚባለው ትልቁ ጅብ ይመጣል።

ትንሽ ጭንቀት ክፉ አይደለም። ነገ ፈተና ባይኖር ማን ደብተር ይገልጥ ነበር? ያስነሳናል፣ ያነቃናል። ልክ ሲያልፍ ግን የምናውቀውን እንኳን ያስረሳናል። ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት እያየ የተቀመጠ ቸካይ አይታችሁ አታውቁም?

አንድ ነገር ግን እናስተካክል። ጨጓራን በአብዛኛው የሚያቆስሉት ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ ምርመራውን እንዳትዘሉት። ጭንቀት ሕመሙን ያብሰዋል፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋውም።

ስድስታችን

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ከፕሮክተሯ የምንደብቀው አንድ ስቶቭ ነበረን። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከስድስታችን አንዷን ጨጓራዋ አላስቀምጥ አላት። ጎበዝ ናት፤ ከሁላችን ቀድማ የምትነሳ፣ ፈተና ሲደርስ ሁላችንም ደብተሯን የምንሻማላት። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ሄዳ ሦስት ጊዜ የጨጓራ ኪኒን ይዛ ተመለሰች። በአራተኛው አጅበናት ሄድን። ተረኛዋ ሲስተር ካርዱን አገላብጣ አየችና «እንቅልፍሽስ እንዴት ነው የኔ እናት? ትናንት ምን በላሽ?» አለቻት። ልጅቷ መልስ መስጠት አቅቷት ማልቀስ ጀመረች።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ከካፌ ወጥታ ኖን ካፌ ሆና ነበር። ለማያውቁ፣ በዚያን ጊዜ ኖን ካፌ የሆነ ተማሪ በምግቡ ፈንታ በየወሩ ጥቂት መቶ ብር ይቀበል ነበር። እሷ ያችን ብር ለታናሽ ወንድሟ ትልካለች፤ አባቷ ታመው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ምሳ ሰዓት ላይ «ላይብረሪ ነኝ» ትለናለች፤ ማታ «በልቻለሁ» ትለናለች። እናቷ ሲደውሉ «ደህና ነኝ፣ ትምህርትም ጥሩ ነው» ትላለች። ተነሳብኝ የምትለው ጨጓራ ባዶ ነበር።

እንግዲህ ይህችን ልጅ «በረጅሙ ተንፍሺ፣ ሙዚቃ ስሚ፣ ፖዘቲቭ ሁኚ» ብንላት ምን ይጠቅማታል? ጭንቀቷ ስም ነበረው፣ ዋጋም ነበረው፤ በብር ይቆጠር ነበር። ሲነገር ነው ሊከፋፈል የቻለው። ወደ ካፌ እስክትመለስ ድረስ ከካፌ ዳቦ በኪሳችን አመጣንላት፣ ማታ ማታ በዚያች ስቶቭ ሽሮ ሠርተን ከአንድ ሳህን በላን። ሲስተሯ ወደ ምክር አገልግሎት ቢሮ ላከቻት፤ እየተሳቀቀችም ቢሆን ሄደች። እናቷ ሲነገራቸው አለቀሱ፣ ከዚያ አጎቷን ጠሩ፤ የወንድሟን ወጪ አጎቷ ያዙ። ሦስት ዓመት ለብቻዋ የተሸከመችው ነገር በአንድ ወር ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ትከሻ ላይ ተከፋፈለ። ከእኛ ጋር ጋዋን ለብሳ ተመርቃለች። ጨጓራዋ አሁንም አልፎ አልፎ ይነሳባታል። አሁን ግን ስትናገር እሰማታለሁ የሚል ሰው እንዳለ ታውቃለች።

አገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ትላለች። ተረቱን አንደኛ ደረጃ ተምረነው ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ረሳነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው፣ ሙያችን መጠየቅ ነው። ስለዚህ በጥያቄ እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአገራችን ጥናቶችም በብዛት የሚሠራበት 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ራስሽን ያምሻል? የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል? እንቅልፍ አይወስድሽም? እጅሽ ይንቀጠቀጣል? ሆድሽ ደስ የማይል ስሜት አለው? አጥርቶ ማሰብ ያስቸግርሻል? ላለፉት 30 ቀናት ነው የሚጠይቀው። አዎ የምትሉት ከበዛ «ሰነፍኩ» የሚለውን ትታችሁ የጤና ባለሙያ አናግሩ።

እንቅልፍን አትሽጡት። ያነበብነው ነገር ጭንቅላታችን ውስጥ የሚደላደለው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያነጋ ተማሪ እህሉን አጭዶ ሜዳ ላይ ጥሎት እንደሄደ ገበሬ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የጠጣችሁት ቡና ግማሹ ለመኝታ ስትዘጋጁ ገና ደማችሁ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በፈተና ሰሞን «ለንባብ» ተብሎ የሚቃመው ጫትም ያበደረውን እንቅልፍ በወለድ ነው የሚያስከፍለው።

የሚያስጨንቃችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል በዚህ ሳምንት ልትሠሩት የምትችሉት፣ በሌላ በኩል ከእናንተ እጅ ውጪ ያለው። የአገር ሰላምና የአባት ሕመም በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። አሳይመንቱ በመጀመሪያው ነው። በረጅሙ መተንፈስም ቢሆን አንንቀውም፤ አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ፈተና ክፍል በር ላይ ሞክሩት። ለኖን ካፌ ብር ግን መፍትሔ አይሆንም።

ጓደኛችሁ መብላት ስታቆም፣ ክፍል መግባት ስትተው፣ ዕቃዋን ማደል ስትጀምር ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» ስትል «ጸባይዋ ነው» ብላችሁ አትለፉ። በግልጽ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ለብቻዋ አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይዛችኋት ሂዱ። ጠበል መሄድም ሆነ ዱዓ ማድረግ ከፈለገች አብራችኋት ሁኑ፤ ሐኪሙ ዘንድ መሄዱ ግን አይቅር።

በመጨረሻ ለእናቶችና ለአባቶች አንድ ነገር። ስትደውሉልን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ ነው። መልሱንም ታውቁታላችሁ፤ «ጥሩ ነው»። እናንተ እንዳትጨነቁ እኛ እንዋሻለን፣ እኛ እንዳንጨነቅ እናንተ የቤቱን ችግር ትደብቃላችሁ። በመሐል ስልኩ ካርድ ይበላል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ እስቲ «ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ?» ብላችሁ ጠይቁን። እኛም እውነቱን እንናገራለን፤ እናንተም እንደዚያው።

ቸር ሰንብቱ።