ቁልፉን ይዞ የተኛ



ባለፈው የክረምት እረፍት፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማረው ልጄ ሰላ ድንጋይ ቤታችን መጥታ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ እሳት ዳር እንደ ተቀመጥን፣ ስለምትማረው ነገር ጠየቅኋት። እኔ የተማርኩት ሥነ መለኮት ነው፤ የእርሷ መልስ ግን ከብዙ ስብከት ይልቅ ገሠጸኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ትሬድ የሚባሉ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። የጋራ ዕቃ ስላላቸው እንዳይጋጩ አንድ ቁልፍ ተበጅቶላቸዋል፤ ዕቃውን የሚነካ ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። አሁን አንዱ ቁልፉን ይዞ ሲገባ የሚፈልገው ነገር ገና አልተዘጋጀም እንበል። ምን ያድርግ?

«ወፍጮ ቤቱን ያስቡት አባባ» አለችኝ። «መብራት ሲጠፋ ደጁ ላይ ቆሞ በየደቂቃው ‹መጣ ወይ?› የሚል ሰው ይደክማል እንጂ መብራት አያመጣም። ብልህ ሰው ‹ሲመጣ ጥሩኝ› ብሎ ቤቱ ይገባል።»

«ሲመጣ ጥሩኝ» የሚባልበትን መጠበቂያ ኮንዲሽን ቫሪያብል ይሉታል። ጠባቂው ይተኛል፤ ነገሩን ያዘጋጀው ሌላው ትሬድ ይቀሰቅሰዋል።

«ታዲያ የሚተኛው ቁልፉን ለቅቆ ነው» አለች። «ዌይት የሚባለው ትእዛዝ ቁልፉን መልቀቅንና መተኛትን አንድ ላይ ይፈጽማል። በመካከል ክፍተት ቢኖር ጥሪው በዚያች ቅጽበት መጥቶ ሊያልፈው ይችላል።»

«ቁልፉን ይዞ ቢተኛስ?» አልኳት።

«ነገሩን የሚያዘጋጅለት መግባት አይችልማ። የተኛው እርሱን ይጠብቃል፣ እርሱ ደግሞ ቁልፉን ይጠብቃል። እንደ ተጠባበቁ ይቀራሉ።»

ዝም አልኩ። ለዓመታት የያዝኩት አንድ የጸሎት ርዕስ ነበረኝ፦ ጌታ ከዚህች ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን እንዲያስነሣ። ጾሜበታለሁ፤ ከሽማግሌዎች ጋር አልቅሼበታለሁ። ነገር ግን እሑድ የምሰብከው እኔ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን የምመራው እኔ፣ የአዳራሹ ቁልፍ እንኳ በእኔ ኪስ። አንድ ወጣት ወንድም «መጋቢ፣ የወጣቶቹን ጥናት ልሞክር?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። ሁለቴም «ገና ነው፣ ጸልይበት» አልኩት። ሦስተኛ ሳይጠይቀኝ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የጸሎቴን መልስ ደጅ ያስቀረሁት እኔው ነበርኩ፤ ይህንንም እምነት ብዬው ኖሬአለሁ።

ልጄ ግን ገና አልጨረሰችም። «የተቀሰቀሰም ቢሆን ዝም ብሎ ወደ ሥራው አይገባም» አለች። ቁልፉን መልሶ ይቀበልና ነገሩ በእርግጥ መዘጋጀቱን ያያል፤ ካልተዘጋጀ ተመልሶ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 ቶኒ ሆር ባሳተመው አሠራር የተጠራው ወዲያው ስለሚገባ የጠበቀውን ነገር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 ላምፕሰንና ሬዴል ሜሳ ስለተባለው ቋንቋ ሲጽፉ ግን ጥሪው ጥቆማ ብቻ ሆነ፤ «ሂድና እይ» እንደ ማለት። ዛሬ ጃቫን ጨምሮ ብዙዎቹ በዚህኛው ይሄዳሉ። ተቀስቅሶ እስኪገባ ሌላው ቀድሞ ሊወስድበት ይችላል፤ ማንም ሳይጠራው የሚነቃበት ጊዜም አለ። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው፤ መብራት መጣ ሲባል ሁሉም ይሮጣል፣ ተራችን እስኪደርስ ግን ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

ያን ጊዜ ብላቴናው ሳሙኤል ትዝ አለኝ (1ኛ ሳሙ. 3)። በሌሊት ጥሪ ሰምቶ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ ዔሊ ግን እንዳልጠራው ነግሮ መልሶ አስተኛው። ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ በሦስተኛው ዔሊ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለ፤ በአራተኛው ሳሙኤል ለጌታ መለሰ። ጥሪው ከመጀመሪያውም እውነት ነበር፤ የሮጠበት ደጅ ግን ሌላ ነበር። ተመልሶ መተኛቱ ጥሪውን አላስቀረበትም። ስንቶቻችን በአንድ ሕልም፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ተነሥተን ሳናጣራ ሮጠናል! ስንቶቻችንስ ተሳስተን ከሮጥን በኋላ ተመልሶ መጠበቅ አሳፍሮናል!

ምሳሌው ግን የሚቆምበት ቦታ አለው። የተኛውን ትሬድ የሚያስበው የለም። በአማርኛችን መጠበቅ ሁለት ነገር ነው፤ እኛ እርሱን እንጠብቃለን፣ እርሱም እኛን ይጠብቃል። በመዝሙር 121 እንደምናነበው የእኛ ጠባቂ እንቅልፍ የለውም።

በተከታዩ እሑድ የአዳራሹን ቁልፍ ለአንዲት እህት ሰጠሁ፤ የወጣቶቹን ጥናት እርሷ ትመራለች። ወደ አዲስ አበባም ደውዬ ያን ወንድም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ተመልሶ እንዲያገለግል ለመንኩት። «መጋቢ፣ ልጸልይበት» አለኝ። እስካሁን አልደወለም። እየጠበቅሁ ነው፤ ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ የለም።

እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? የምትጠብቁት ነገር የሚገባበትን በር ቁልፍ ማን ይዞታል? ጌታን ገና ያላወቅህ ወዳጄ፣ አንተም ሰላምን ስትጠብቅ ቆይተህ ይሆናል። የልብህን ቁልፍ ለኢየሱስ ስጠው።

ጌታ ይባርካችሁ።