ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው ዳኛ

ሥልጣን ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው ማኅተም፥ ወንበርና ደመወዝ ያለው ሥልጣን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ማኅተምም ደመወዝም ስለሌለው፥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ጥቂት ተጫዋቾች ከመካከላቸው ለአንዱ ለጥቂት ሰዓት ስለሚሰጡት ሥልጣን ነው። የጨዋታው አሠራር እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በምናብ አንድ ሰው ይሆናል። አንዱ ወታደር፥ አንዱ ሌባ፥ ሌላው አስማተኛ ሆኖ «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ወይም «ዘበኛውን አባብለዋለሁ» እያለ የሚያደርገውን በቃሉ ይናገራል። ከእነርሱ ተለይቶ የተቀመጠው የጨዋታው መሪ ደግሞ በሩ ይሰበር እንደ ሆነ፥ ዘበኛው ይታለል እንደ ሆነ ይፈርዳል። ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ካርታው ያለው በመሪው እጅ ነው፤ ከፊቱም ከካርቶን የተሠራ ትንሽ መጋረጃ ያቆማል። ከዚያ መጋረጃ በስተኋላ የሚጥለውን ዳይስ ከእርሱ በቀር የሚያየው የለም።

ይህ ዳኛ ከየት መጣ ቢባል፥ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከጦር ሠፈር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1824 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ መኮንን አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ አሳተመ። በዚህ ጨዋታ ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ይዋጋሉ፤ ትእዛዛቸውን የሚሰጡት ግን ለዳኛው ነው። ዳኛውም ለእያንዳንዱ ወገን በእውነተኛው ሜዳ ሊያየው የሚችለውን ያህል ብቻ ያሳየዋል፤ የሞተውንና የቆሰለውንም በሠንጠረዥና በዳይስ ያሰላል። ይሁን እንጂ የሠንጠረዡ ብዛት ጨዋታውን አዘገየው። ስለዚህ በ1876 ዩሊዩስ ፎን ቨርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው መኮንን ሠንጠረዡንም ዳይሱንም ወደ ጎን ትቶ ዳኛው በገዛ ልምዱ ይፍረድ የሚል አሳብ አቀረበ።

ውሎዬ ከመመሪያ ጋር ስለሆነ ይህን ታሪክ ሳነብ ፈገግ አልሁ። ደንብ ሲበዛ «ሰው ይፍረድ» ማለት፥ ሰው ሲፈርድ ደግሞ «ደንብ ይውጣለት» ማለት በጦር ሠፈር ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

በ1880 ቻርልስ ቶተን የተባለ አሜሪካዊ መኮንን «ስትራቴጎስ» የተባለ የጦር ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ከሰማንያ ዓመት ያህል በኋላ ዴቪድ ዌስሊ ከተባለ የሚኒሶታ ወጣት እጅ ገባ፤ እርሱም ተጫዋች ያሰበውን ማናቸውንም ነገር ሊሞክር ይችላል፥ ውጤቱን ዳኛው ይወስናል የሚለውን አሳብ ወሰደ። የጨዋታ ጓደኛው ዴቭ አርነሰን ነገሩን ከጦር ሜዳ ወደ ተረት ዓለም አሻገረው፤ በ1974ም አርነሰንና ጌሪ ጋይጋክስ ያዘጋጁት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ታተመ። እንግዲህ የዳኝነቱ ወንበር ከመኮንኑ ወደ ጎረቤት ልጅ ተላለፈ ማለት ነው። ማዕርጉ ቀረ፤ ሥልጣኑ ግን እንዲያውም ሰፋ፤ ምክንያቱም አዲሱ ዳኛ የሚፈርድበትን ዓለም የሚፈጥረውም እርሱ ራሱ ነው።

ታዲያ በማን ስም ይፈርዳል? በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሁለት ባላጋራዎች መንገደኛ አቁመው «ፍረደን» ይሉት ነበር። መንገደኛው ግን የሚቆመው በንጉሥ ስም ስለ ተጠራ ነው። የጨዋታው ዳኛ ከበስተኋላው ንጉሥ የለውም፤ ተጫዋቾቹ ተነሥተው ቢሄዱ ሥልጣኑ እዚያው ያበቃል። እንግዲያው ሥልጣኑ ደካማ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ አንድ እሑድ ከእኛ ጋር ይቀመጥ እለዋለሁ።

እኛ በወር ሁለት ጊዜ እንጫወታለን። ዳኛችን በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰው፥ የአንድ ባልደረባዬ ታናሽ ወንድም የሆነ ተማሪ ነው። ቡና ሲቀርብ ተነሥቶ ሲኒ የሚያቀብለን እርሱ ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን የሁላችንም ሞትና ሕይወት በእጁ ነው። ከመካከላችን ሸምገል ያሉት፥ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፥ ስምንት ወር ሙሉ አንድ አሮጌ ወታደር ሆነው ተጫውተዋል። አንድ እሑድ እኛ እንድናመልጥ ወታደራቸው ብቻውን ድልድይ ላይ ቀረ። ልጁ ለጠላት ወገን ዳይሱን ከመጋረጃው በስተኋላ ጣለ፤ ጥቂት ዝም አለና፥

«ለጥቂት ተረፉ፥ ጋሼ» አለ።

«እስቲ መጋረጃውን አንሣው፥ ልጄ።»

«ጋሼ፥ ይኼ እኮ የዳኛ ምሥጢር ነው።»

«ምሥጢር የሆነው ለእኔ ተብሎ ከሆነ አልፈልገውም።»

መጋረጃው ተነሣ። ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ላይ የወጣው ቁጥር 20 ነበር፤ ለወታደሩ ከሁሉ የከፋው ቁጥር ማለት ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ድልድዩን የያዝሁት እንደምሞት አውቄ ነው፤ አንተ በምሕረትህ ካተረፍኸኝ ድልድዩን ማን ያዘው?» ብለው፥ የወታደራቸውን ወረቀት ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ልጁ ያደረገው ከደንብ ውጭ አልነበረም። ጋይጋክስ ራሱ በ1979 ለጨዋታ መሪዎች ባወጣው መጽሐፍ፥ መሪው የዳይሱን ውጤት ሊሽር እንደሚችል፥ በሚገባ ተጫውቶ በዕድል ብቻ የወደቀውንም ከሞት ሊያተርፈው እንደሚችል ጽፏል። የዚህ ፈቃድ ደግነት ይገባኛል፤ የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልቶ አንድ አንቀጽ የሚያሰናክለው ባለጉዳይ ፊቱ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ነገር ግን በግልጽ የተሰጠ ምሕረትን «ለእገሌ ሆኖ ለእኔ ለምን ቀረ?» ብሎ መሟገት ይቻላል፤ በተሰወረ ምሕረት ላይ ግን አቤት የሚል የለም። ከዚህም ሌላ፥ አንድ ጊዜ በሥውር እንደ ተማረ የጠረጠረ ተጫዋች፥ በገዛ ድፍረቱ ያሸነፈበትን ቀን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

ጨዋታ ጸሐፊዎችም ይህን ችግር ያዩት ይመስለኛል። ቪንሰንት ቤከር በ2010 ባወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» በተባለው ጨዋታ ዳይስ የሚጥሉት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው፤ መሪው ከነጭራሹ አይጥልም። በ2009 እንደ ወጣው እንደ «ፊያስኮ» ያሉ፥ መሪ የሚባል ጨርሶ የሌለባቸው ጨዋታዎችም አሉ። እነዚህ እኔን አይስቡኝም፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ በሩን ስከፍት ልቤ አይመታም።

ከዚያች እሑድ ወዲህ ዳይሳችን የሚጣለው በግልጽ ጠረጴዛው መካከል ነው። ዳይስ የማይደርስበት ነገር ግን አለ። በቀኝ በኩል ብንሄድም በግራ ብንሄድም ያው አንዱ አውሬ እንዲጠብቀን ልጁ በልቡ ቢወስን፥ ምርጫችን ምርጫ አልነበረም ማለት ነው፤ ይህንንም የሚያሳይ ቁጥር የለም። በዚህ ነገር ከልጁ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እርሱ «ገና ያልተነገረ ነገር ገና አልሆነም፤ ስለዚህ ልለውጠው እችላለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ካርታው ከእኛ ውሳኔ በፊት መቆም አለበት እላለሁ። ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ሆኖም አሁን ጨዋታው ሳይጀመር የማይለውጣቸውን ሦስት ወይም አራት ነገሮች በወረቀት ጽፎ ያጥፍና ከስኳር ዕቃው ሥር ያኖረዋል። እንዲከፈት የጠየቅነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጠየቁትም እኒያው ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጻፈውም እንደ ተነገረን ነበር።