ልብ ስለ ማለት

በአማርኛ ልብ የሚለው ቃል ብዙ አገልግሎት አለው። ደፋሩን ሰው ልበ ሙሉ፥ ታጋሹን ልበ ሰፊ፥ የማያስተውለውን ልበ ቢስ እንለዋለን። አንድን ነገር ተመልከት፥ ሳታስተውል አትለፈው ለማለት ስንፈልግም ልብ በል እንላለን። ከእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ የመጨረሻው ለእኔ ይበልጥብኛል፤ ልቤ ታምሞ ሳለ እስከ ዛሬ ያቆየኝ፥ ከፈጣሪ ቸርነትና ከሐኪሞች ጥበብ ጋራ፥ የባለቤቴ ልብ ማለት ነውና። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! ትዳር ገና በፊታችሁ ያለ ነገር ስለ ሆነ ይህን ጥቂት ባስረዳችሁ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል።

አስቀድሜ ስለ ሕመሙ እናገራለሁ። የሰው ልብ የጭብጡን ያህል የሆነ ጡንቻ ነው፤ አራት ክፍልና አራት መዝጊያ አለው። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው እነዚህ መዝጊያዎች ደሙን ወደ ፊት ያሳልፉታል እንጂ ወደ ኋላ እንዲመለስ አይፈቅዱለትም። በግራ በኩል፥ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው መዝጊያ የጳጳስ አክሊል ስለሚመስል ሚትራል ተብሏል። ልብ በአንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ እንግዲህ ይህ መዝጊያ በየቀኑ ይህን ያህል ጊዜ ይከፈታል፥ ይህን ያህል ጊዜም ይዘጋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር የተበላሸ እንደ ሆነ ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚቸገር መገመት አያዳግትም።

የእኔን መዝጊያ ያበላሸው በልጅነቴ የያዘኝ የጉሮሮ ሕመም ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ ጉሮሮዬን አመመኝና ወዲያው ተሻለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ትኩሳት ተነሣብኝ፤ ጉልበቴም አበጠ። ጉልበቴ ሲሻለኝ ቁርጭምጭሚቴ፥ ቁርጭምጭሚቴ ሲሻለኝ ክርኔ ታመመ። ከዚያም ሁሉም ተወኝና ወደ ኳስ ጨዋታዬ ተመለስሁ። የሩማቲክ ትኩሳት ጠባዩ ይኸው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ ጉሮሮን ሲያሳምም ሰውነት እርሱን ለመውጋት ያዘጋጀው ጦር ዞሮ የገዛ ልቡን ይወጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኛቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። መገጣጠሚያው ይድናል፤ በልብ መዝጊያ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን በዝምታ እየጠነከረ ሄዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይገለጣል።

እኔም ትምህርቴን ጨርሼ መምህር ሆንሁ፤ በደብረ ብርሃን አስተማርሁ፥ አገባሁ፥ ልጆችም ወለድሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፥ ነፋሷ የሚጋረፍ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አገር የሚያስለው ሰው ብርቅ አይደለም፤ የደከመውንም ሰው ከፍታው ነው ይሉታል። በ46 ዓመቴ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው አለኝ፤ አንዱ ፌጦ፥ ሌላው ዳማከሴ አዘዘልኝ። ባለቤቴ ግን ምንም ሳትናገር ሦስት ነገር ልብ ብላ ኖሯል። አንደኛ፥ በአንድ ትራስ የምተኛው ሰው በሁለት፥ ቆይቶም በሦስት ትራስ መደገፌን፤ ሁለተኛ፥ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ጠርዙ በእግሬ ላይ ጉድጓድ ማስቀረቱን፤ ሦስተኛ፥ አብረን ስንሄድ አቀበት ላይ ስንደርስ ወሬዬን ማቋረጤን። «ብርድ ብርድ ልብስ ያስጨምራል እንጂ ትራስ አያስጨምርም» አለችኝና በማግሥቱ ወደ ሐኪም ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙም እርሷ የተናገረችውን ከሰማና ደረቴን ካዳመጠ በኋላ «የምርመራውን ግማሽ እርስዎ ጨርሰውታል» አላት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መዝጊያውን በሰው ሠራሽ መለወጥ ግድ ሆነ፤ ለዚህም ወደ ሕንድ አገር ሄድሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ከደመወዛቸው አዋጡልኝ፤ የዕድራችን ሰዎችም አዋጡ፤ ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችውን ጌጥ ሸጠች። ስለዚያ ጌጥ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አንሥታ አታውቅም። የተገጠመልኝ መዝጊያ ሲዘጋ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሌሊት ነፋሱ ሲያርፍ አጠገቤ ለተኛ ሰው ይሰማል። ሌላ ሰው ቢሆን እንቅልፍ ይነሣው ይሆናል፤ እርሷ ግን ስትነቃ ድምፁን ታዳምጥና ተመልሳ ትተኛለች።

በሰው ሠራሹ መዝጊያ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ እወስዳለሁ። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ ልብ የማለት ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን፥ ከብቶቹ እየደሙ የሞቱበት አንድ ገበሬ የሞተች ጊደር፥ አልረጋ ያለ ደም የያዘ ዕቃና የተበላሸ ድርቆሽ ጭኖ በበረዶ ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ካርል ሊንክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከረዳቶቹ ጋራ ለዓመታት ደክሞ ደሙን እንዳይረጋ ያደረገውን ነገር ከድርቆሹ ለይቶ አወጣ፤ ዋርፋሪንም ከዚሁ ሥራ ተገኘ። እንግዲህ አንድ ገበሬ በከብቶቹ ላይ የደረሰውን አይቶ አልቅሶ ብቻ አለመቅረቱ ዛሬ ለእኔ ዕድሜ ሆኖኛል።

ዳሩ ግን ዋርፋሪን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደግሞ ሰው ይደማል። የደምን መርጋት የሚያሳየው ቁጥር እንደ እኔ ላለው ሰው ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ኀይል ይቀንሳሉ። በጾም ወራት ጎመን ከገበታ በማይጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ጎመንን ጨርሰህ ተው ብሎ መከረኝ። ባለቤቴ ግን ሐኪሙን ደጋግማ ጠይቃ፥ ዋናው ነገር መተው ሳይሆን መጠኑን አለመለዋወጥ መሆኑን ተረዳች፤ ስለዚህ በጾምም በፍስክም በሳምንት ሁለት ቀን፥ በአንድ ጭልፋ ልክ ጎመን ታወጣልኛለች። የፔኒሲሊን መርፌዬን ቀን የምትቆጥረውም እርሷ ናት። መርፌው በየ28 ቀኑ ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ስለ ሆነ ቀኑ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ወር በ12 ከተወጋሁ በሚቀጥለው ወር በ10 ነው። ጳጉሜን ስትገባ ስሌቱ ይለወጣል፤ እርሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አሳስታ አታውቅም።

ጨው ለልብ ሕመምተኛ ጠላት ነው፤ ውኃን በሰውነት ውስጥ ይይዛልና። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛውም ሰው ቢሆን በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው፥ እንዲሆን ይመክራል። ባለቤቴ ለእኔ ብቻ አልጫ ሠርታ በሌላ ሳሕን ብታቀርብልኝ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ነገር ግን በአገራችን ከአንድ ትሪ መቁረስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለብቻው የሚበላ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ የቤቱን ወጥ ሁሉ በጥቂት ጨው ሠራችና የፈለገ ሰው እንዲጨምር ጨውን በትንሽ ዕቃ በትሪው አጠገብ አኖረች። እኔ ከቤተ ሰቤ አልተለየሁም፤ ቤተ ሰቤ ወደ እኔ ቀረበ እንጂ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችውን አንኮበርን ታገኛላችሁ። አገሩ ገደላማ ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመሄድ መውጣት ወይም መውረድ ግድ ነው። የባለቤቴ ዘመዶች በዚያ ስላሉ ለለቅሶና ለሠርግ እንሄዳለን። በእንዲህ ያለ ቀን ሌሎቹ በሁለት ሰዓት የሚነሡ እንደ ሆነ እኛ በአንድ ሰዓት እንነሣለን። አቀበቱ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ባለቤቴ ደከመህ ወይ ብላ አትጠይቀኝም፤ ትቆምና ማዶ ያለውን የገብስ ማሳ ታሳየኛለች፥ ወይም የሚያልፈውን ሰው ከነቤተ ሰቡ ጤና ትጠይቀዋለች። ሰላምታችን እንደምታውቁት አጭር አይደለም፤ እርሱ እስኪያልቅ ትንፋሼ ይመለሳል። ለቅሶውም ቤት ከሰው እኩል እንደርሳለን።

ከዚህ የተማርሁት ነገር ይህ ነው። ሕመምተኛን ማዘን ብቻ አይረዳውም፤ ያለ ማስተዋል የሆነ እንደ ሆነ ሊጎዳውም ይችላል። ከታመምሁ በኋላ በደግነት ብዛት ጠመኔ ከእጄ የነጠቁኝ፥ በሰው ፊት ወንበር ይዘው የተከተሉኝ ነበሩ። ልባቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን በፊታቸው የቆመው መምህር አልታያቸውም፤ የታያቸው ሕመሙ ብቻ ነው። ልብ የሚል ሰው ግን ሕመምተኛው የማይችለውን ብቻ ሳይሆን የሚችለውንም ያያል፤ የማይችለውን ያግዘዋል፥ የሚችለውን ይተውለታል።

ይህ ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ሕመምተኛም ግዴታ አለበት። አንደኛ፥ እውነቱን መናገር ነው። እኔ በየማለዳው በሚዛን እቆማለሁ፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመርሁ እንደ ሆነ ውኃ ተጠራቅሟል ማለት ነውና ሳልደብቅ ለባለቤቴም ለሐኪሜም እናገራለሁ። ሁለተኛ፥ ሕመሙን ዙፋን አድርጎ ቤተ ሰቡን ከመግዛት መጠበቅ ነው። ሦስተኛ፥ የረዳውንም ሰው ልብ ማለት ነው። አስታማሚም ይደክማል፤ ይታመማልም። የባለቤቴ ጉልበት አሁን ደረጃ መውጣት ይከለክላታል። ስለዚህ ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ እኔ ወስጃለሁ፤ ምስር እለቅማለሁ፥ ሽንኩርት እልጣለሁ፥ ቡናም አፈላለሁ። እንግዳ መጥቶ ሽማግሌው መምህር ረከቦት ፊት ተቀምጦ ሲያይ ይገረማል፤ እኛ ግን ለምደነዋል።

ለእናንተ ለወጣቶች ከሁሉ የሚሻለው ግን ይህ ሕመም ከነአካቴው አለመምጣቱ ነው። በአገራችን ስለ ልብ ሕመም ብዙ ተደክሟል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የሚሆን ድርጅት መሠረቱ፤ በዚሁ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ቢሆንም መዝጊያን ከመለወጥ ጉሮሮን ማከም እጅግ ይቀልላል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ሻጋታ በዙሪያው ያሉትን ተሕዋሶች እንዳጠፋ ልብ በማለቱ ፔኒሲሊን ተገኘ። ይህ መድኃኒት ጉሮሮው በታመመ ልጅ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተሰጠ የሩማቲክን ትኩሳት ይከላከላል። ስለዚህ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ትኩሳት ይዞት ምራቅ መዋጥ ሲያቅተው ያልፍለታል ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መገጣጠሚያው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ የሚያብጥበትንም ልጅ እንዲሁ።

ትዳርም በምትፈልጉበት ጊዜ መልክና ሀብት፥ ዕውቀትም ቢሆን፥ ደግ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ያ ሰው ሲደክማችሁ ሳትናገሩት ያውቅ እንደ ሆነ፥ የነገራችሁትን ትንሽ ነገር ያስታውስ እንደ ሆነ፥ አስተናጋጁንና ሠራተኛውን እንደ ሰው ያይ እንደ ሆነ መርምሩ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ እንዲህ ያላችሁ ሁኑ። ጤና እያለ ልብ ማለትን ያልተለማመደ ሰው በሕመም ቀን በድንገት ሊማረው አይችልም፤ የትራሱን ቁጥር የሚያውቅ አስቀድሞ ትራሱን ያነጥፍ የነበረ ሰው ነውና።