ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም

በሥራ ቦታ አደጋ በደረሰ ቁጥር «ሠራተኛው አልተጠነቀቀም» የሚል ፍርድ መስማት የተለመደ ነው። ጥንቃቄ ተገቢ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ሰው ይደክማል፤ ሐሳቡም ይከፈላል። ሞተር ግን የሰውን ድካም አይቶ አይቆምም።

ይህን የተረዳሁት በልጅነቴ እህል አስፈጭበት ከነበረው ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ቺንጊያ መከለያ አልነበረውም። በግድግዳው ላይ «አትጠጉ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍም፣ ከአስፈጪዎቹ እናቶች ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። አንድ ቀን የአንዲት እናት ነጠላ በቺንጊያው ተያዘ። ሞተሩ ፈጥኖ በመጥፋቱ ሕይወታቸው ቢተርፍም ክንዳቸው ተሰበረ። ከዚህ በኋላ አንድ ብረት ሠሪ ተጠርቶ ቺንጊያውን በሽቦ ወንፊት አጠረው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጽሑፉን ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ተጠበቀ።

የሽቦ ወንፊት በሌላም ሥራ ሕይወት አድኗል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 ለከሰል ቆፋሪዎች የሠራው ፋኖስ ነበልባሉ በሽቦ ወንፊት የተከበበ ነበር። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትነው እሳቱ በውጭ ወዳለው ተቀጣጣይ ጋዝ በቀላሉ አይተላለፍም። ቆፋሪውን «እሳት አትያዝ» ብሎ በጨለማ ከመተው ይልቅ እሳቱን ራሱን ማጠር ተቻለ።

እንግዲህ የምህንድስና ጥበብ በቅድሚያ የሚጠይቀው «አደጋውን ፈጽሞ ማስወገድ ይቻላልን?» ብሎ ነው። ካልተቻለ ጉዳቱ ያነሰ ነገር ይተካል፤ ይህም ካልሆነ በአደጋውና በሰው መካከል መከለያ ይቆማል። የአፍ መሸፈኛና ጓንት የሚመጡት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የዱቄት ብናኝን እንመልከት። ብናኙ ለዓመታት ሲተነፈስ አስም ያስከትላል፤ አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅም ረቂቁን ብናኝ አያግደውም። የሚሻለው ብናኙን ከምንጩ በአየር መሳቢያ መሳብ ነው። የመሳቢያው አፍ ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን፣ ብናኙን የሚስበው አየር ፍጥነት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ትልቅ መሳቢያ ይልቅ ዱቄቱ ከሚወርድበት አጠገብ የተተከለ ትንሽ መሳቢያ ሊበልጥ ይችላል።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እርግጥ ነው፤ ሽቦም ገንዘብ ያስወጣል። ነገር ግን አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም። የሽቦው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የተሰበረ ክንድ ዋጋ ግን ዕድሜ ልክ ሲከፈል ይኖራል፤ የሚከፍለውም ሽቦውን ያልገዛው ሰው አይደለም።