የቁልፉ ደረሰኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23፣ 2024

ቁልፍ ሠሪው ገና በማለዳ ደረሰ። የበሩ ጠርዝ ተሰንጥቋል፤ የእንጨቱ ስንጥር ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። የምረዳት ሴት የቀድሞ ባል ቅዳሜ ሌሊት በትከሻው ገፍቶ የገባበት ነው። ትንሹ ልጇ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰውየው የሚያወጣቸውን ብሎኖች እየተቀበለ በመዳፉ ይቆጥራል። አዲሱ ቁልፍ ሲገጠም እሷ ሦስት ጊዜ ዘግታ ከፈተችው። አራተኛውን ልጁ ዘጋው።

ደረሰኙን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይሄ ያለ ክርክር ያልፋል። ለተጎጂው ደኅንነት ሲባል በር፣ መስኮትና ቁልፍ መጠገን ወይም መለወጥ ድርጅታችን ለወንጀል ተጎጂዎች አገልግሎት የሚያገኘውን ግራንት በሚገዛው፣ በ2016 በወጣው የፌዴራል ደንብ በስም ተጠርቶ የተፈቀደ ወጪ ነው። ቤት ልቀይር ካለችም ለመያዣና ለዕቃ ማጓጓዣ ከግራንቱ መክፈል ይቻላል። ለጥበቃ ትዕዛዝ የሚቆም ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት መሄጃ ትራንስፖርት፣ አስተርጓሚም እንደዚሁ። የመኖሪያ ወረቀት አይጠየቅባትም። ከፖሊስ ጋር መተባበርም ግዴታዋ አይደለም። ይህን ስነግራት ትከሻዋ ትንሽ ወረደ።

ልወጣ ስል፣ “ሐብሌስ?” አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

ሐብሉ የእናቷ ነው። ሰውየው ሲወጣ ይዞት ሄዷል። ሌሊቱን ደንቡን ደግሜ አገላበጥኩት፤ ያው ነው። የኛ ገንዘብ አገልግሎት ይገዛል እንጂ የጠፋ ዕቃ አይተካም። የተሰረቀ ንብረት፣ የቀረ ደሞዝ፣ የሕክምና ቢል፣ የቀብር ወጪ ከዚህኛው ኪስ አይወጣም። ለአንዳንዶቹ የስቴቱ የካሳ ፕሮግራም አለ፤ ወርቅ ግን በአብዛኞቹ ስቴቶች እዚያም አይከፈልም። የመድኃኒት ወጪ እንኳ በድንገተኛ ስም የሚያዘው ሌላ ከፋይ በቶሎ፣ በተለምዶ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ይደርሳል ተብሎ በማይጠበቅበት ጊዜ ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የበሩን ቁልፍ ሳይቀር አስበዋል፤ በዚህ አደንቃቸዋለሁ። ለሐብሉ ግን ቦታ አላስቀመጡለትም።

በስልክ ላስረዳት ስሞክር “ካሳ” የሚለው ቃል አጣላን። በኛ አገር ሽማግሌ ፊት ካሳ የሚከፍለው ያጠፋው ሰው ነው። እኔም ባልተጠየቅሁት ገባሁ፤ ገንዘቡ ከግብር እንዳልሆነ፣ በ1984 በወጣ ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከተባሉ ሰዎችና ኩባንያዎች ቅጣት ወደ አንድ የፌዴራል ፈንድ እንደሚሰበሰብ ነገርኳት።

“ታዲያ ከሱም ይውሰዱበታ!”

የሱ ክስ በስቴቱ ፍርድ ቤት ነው፤ ወደ ፈንዱ ትልልቁን ገንዘብ የሚያስገቡት የባንኮችና የኩባንያዎች ቅጣቶች ናቸው። ይህን አልጨመርኩላትም። ኩባንያዎቹ ሳይፈረድባቸው በስምምነት የሚከፍሉት ለዓመታት ወደ ሌላ ካዝና ሲገባ ፈንዱ መንምኖ፣ ኮንግረስ በ2021 ሕጉን ማስተካከል ነበረበት። ያም ሆኖ ለዓመቱ እንዲወጣ የተፈቀደው ጣሪያ በ2018 ከ4.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ዘንድሮ 1.353 ቢሊዮን ነው። ቢሯችን ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ባዶ ነው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 27፣ መስቀል

እማማ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። በጎ ፈቃደኛችን ናቸው። ሐሙስ ዕለት ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ከሷ ጋር ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ነበር፤ እጇን ይዘው፣ ቆሎ እያቀመሷት። የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጹን ሰጠኋቸው።

እዚህ ላይ ማች የሚባል ጣጣ አለ። ስቴቱ ካላነሳልን በስተቀር የጠቅላላው ፕሮጀክት 20 ከመቶ ከኛ መምጣት አለበት። ከግራንቱ 80,000 ዶላር ከመጣ ከኛ 20,000 ነው። በየዓመቱ 80,000ን በ20 ከመቶ አባዝቶ 16,000 ብሎ የሚያመጣ አንድ ሰው አይጠፋም፤ አምና ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጥሬ ገንዘብ ስለሌለን የበጎ ፈቃደኞችን ሰዓት ተምነን እናስቆጥራለን።

“ለቅሶ ደርሼ ልፈርም?” አሉ እማማ፣ ቅጹን በጣታቸው ጫፍ ይዘው።

“ለሒሳቡ ነው እማማ።”

መነጽራቸውን አውጥተው ፈረሙ። ቀኑን የጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ጎኑ ላይ የፈረንጁን ጨመርኩበት። ኦዲተር ይመጣል።

“ሰዓቴ ስንት አወጣ?”

ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ በሦስት ሲያባዙት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

“እንግዲያው እሱን ለሷ ስጫት። ለሐብሏ ይሁናት።”

“ወረቀት ላይ ብቻ ነው እማማ፤ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም።”

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። “እንዲህ ያለ ገንዘብማ እኔም ሞልቶኛል” አሉ።