ማጥበቅና ማላላት

አማርኛችን ሲጻፍ የማይታይ፣ ሲነገር ግን ነገር የሚያበላሽ አንድ ጉዳይ አለው፤ መጥበቅና መላላት። «አለ» የሚለውን ቃል አላልታችሁ ካነበባችሁት ሰውየው ተናገረ ማለት ነው። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ደግሞ ሰውየው በሕይወት ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የለመደ ጆሮ ብቻ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለዚህ ነገር ብዙ ጠመኔ ጨርሻለሁ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ሞተር ሳይክል ካቴና ነው። እሱም እንደ ፊደላችን ነው። መጥበቁንና መላላቱን ዝም ብሎ ያየው ሰው አያውቀውም፤ ሲሳሳቱበት ደግሞ «አለ» የተባለው ሰው «ነበር» ሊባል ይችላል።

ሞተር በየከተማው እንጀራ ሆኗል። ወጣቱ ዕቃ ያመላልስበታል፣ የግብርና ባለሙያው ገጠር ይወርድበታል። አንዱ ዕቁብ ጥሎ ይገዛል፣ ሌላው ዓረብ አገር ያለች እህቱ በላከችው። የተገዛ ዕለት ቡና ይፈላል፣ ይመረቃል። «ቀስ ብለህ ንዳ»፣ «ሄልሜትህን እንዳትረሳ» ይባላል። ደግ ምክር ነው። ጎንበስ ብሎ ካቴናውን የሚያይለት ግን የለም። አንዳንዶቹ የህንድ ሞተሮች ላይማ ካቴናው ዙሪያውን በሽፋን የተከደነ ስለሆነ ካልከፈቱት ጭራሽ አይታይም።

የእህቴ ልጅ ሞተር በያዘ ሰሞን ካቴናው ሲንኳኳ ሰማ። ጓደኛው «ላልቷል» አለው። መፍቻ አነሡና እንደ ክራር ክር ወጠሩት። መንኳኳቱ ጠፋ፤ ደስ አላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከኋላ ጎማው በኩል ለቅሶ የሚመስል ሌላ ድምፅ መጣ። መካኒክ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ ካቴናውን በሌባ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ ቢያደርገው ንቅንቅ አይልም።

«ማን ነው እንዲህ ያሰረው?»

ልጁ መሬት መሬት አየ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይቀመጡበት» አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ልጁም ከኋላዬ ወጣ። መካኒኩ ካቴናውን እያሳየኝ፣ «አዩ? ባዶውን እንዲህ የተወጠረ፣ ሰው ሲጫንበት የት ይሂድ? ኩሽኔታውን ነው የሚበላው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ጭነት ሲመጣ፣ ጉድጓድ ሲገባም ወደ ላይ ይነሣል። ክንዱ የሚታጠፍበት ቦታና የፊተኛው ጥርስ ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ክንዱ ከፍ ዝቅ ሲል በፊትና በኋላ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። የፊተኛው ጥርስ፣ የክንዱ መታጠፊያና የኋላው አክሰል በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ካቴናው ከምንጊዜውም በላይ ይወጠራል። በቆመ ሞተር ላይ የምናያት ልልነት ለዚያች ቅጽበት የተቀመጠች ናት። እሷን የነፈጉት ካቴና ኩሽኔታ ይበላል፣ ጥርስ ይበላል፣ ሲብስም ይበጠሳል። «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» ይባል የለ? አጥብቆ አሳሪም ከዚያ አይርቅም።

«እንግዲያውስ አላልቼ ልተወው» የሚል ካለ ደግሞ ይቆየኝ። ከልኩ በላይ የላላ ካቴና ከጥርሱ ይወጣል። የወጣ ካቴና ተጠቅልሎ የሞተሩን አካል ሊሰብር፣ የኋላውን ጎማ ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የኋላ ጎማ ቀጥ ሲል ምን እንደሚከተል ማብራራት አያስፈልገኝም። ማላላት መተው ማለት አይደለም። ልልነት ልክ አለው፤ ልኩም በሚሊ ሜትር ይቆጠራል።

ለብዙ ትንንሽ የአስፋልት ሞተሮች ልኩ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩት ረጃጅሞቹ ከዚያ ይበልጣል። ትክክለኛው ቁጥር ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ክንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። አለካኩ ቀላል ነው። ሞተሩን ማጥፋት፣ ማርሹን ነጻ ማድረግ፣ ሞተሩን መጽሐፉ እንደሚለው ማቆም። ከዚያ በታች በኩል በሁለቱ ጥርሶች መካከል፣ እኩሌታው ላይ ማስመሪያ አቁሞ ካቴናውን ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ላይ መግፋት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ልልነቱ። ካቴና ሁሉም ቦታ እኩል አያልቅምና ጎማውን በእጅ እያዞሩ ሦስት አራት ቦታ መሞከር ይገባል። ልኩ የሚያዘው ከሁሉ በጠበቀበት ቦታ ላይ ነው።

ማስተካከል ካስፈለገ የአክሰሉ ዳዶ ይላላል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ማስተካከያዎች እኩል እኩል ይዞራሉ፤ ጎማው እንዳይጣመም ክንዱ ላይ ያሉት ምልክቶች በሁለቱም ወገን ይመሳከራሉ። ዳዶው በደንብ ይጠብቅና እንደገና ይለካል። ጎማው ወደ ኋላ በሄደ መጠን በዘንግ የሚሠራው የኋላ ፍሬንም ስለሚወጠር እሱም አብሮ ይስተካከላል። እንግዲህ ዳዶው ይጠብቃል፣ ካቴናው ይላላል። ሁለቱን ማምታታት ነው አደጋው።

ሌላው ጉዳይ ማለቅ ነው። ካቴና «ረዘመ» ሲባል ብረቱ እንደ ማስቲካ የተለጠጠ ይመስለናል። የሚያልቁት መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። ከ100 በላይ አንጓ አለው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢበላ ድምሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ያለው 428 የሚባለው ካቴና አዲስ ሲሆን 20 አንጓው 254 ሚሊ ሜትር ነው። ወጠር ተደርጎ ሲለካ 259 አካባቢ ከደረሰ፣ ማለትም 2 በመቶ ከረዘመ፣ ዕድሜው አብቅቷል። ማስመሪያ የሌለው ሰው ከኋላኛው ጥርስ ጀርባ ላይ ካቴናውን ይዞ ወደ ኋላ ይሳበው። ተነሥቶ የጥርሱ ግማሽ ከታየ፣ ወይም ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ ከጎበጡ ነገሩ ግልጽ ነው።

ያን ጊዜ «አንድ አንጓ ቁረጥለት» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ያለቀ ካቴና ቢያጥርም ያው ያለቀ ነው። ካቴናውን ብቻ መቀየርም አያዋጣም፤ የጎበጠው አሮጌ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ሁለቱ ጥርሶችና ካቴናው አብረው ይቀየራሉ። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት መቀባትም ቁጠባ ይመስላል እንጂ፣ ከዘይቱ ጋር የሚሄደው የብረት ብናኝ መገጣጠሚያውን ይሞርደዋል። ለካቴና የተሠራ ዘይት አለ፤ አቧራና ዝናብ በበዛ ቁጥር ቶሎ ቶሎ መቀባት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በሚሽከረከር ካቴና ላይ ጨርቅ መያዝ አይገባም። ጨርቁን ሲስበው ጣትም አብሮ ይገባል፤ ካቴናና ጥርስ መካከል የገባ ጣት ደግሞ ይቆረጣል። ጎማውን በእጅ ማዞር ትንሽ ቢያደክም ነው።

እናላችሁ፣ ለልጃችሁ ሞተር ስትገዙ ምርቃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከሄልሜቱ ጋር 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ጨምሩለት። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት አምስት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ይለካ። ስታዩትም «ሥራ ፈት፣ ምን ትነካካለህ?» አትበሉት። ሰኞ ወጥቶ ማታ የሚመለስበትን መንገድ እያሰናዳ ነው።