ወደ ባሕር ባንሄድ ወደ ባሕር ዛፍ
የቤተሰብ ዕረፍት በየካና በእንጦጦ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ የሚነሣውን ጥያቄ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። ልጆች «ዘንድሮ የት እንሄዳለን?» ይላሉ። የጎረቤት ልጅ ላንጋኖ ደርሶ መጥቷል፤ የክፍል ጓደኛቸው ደግሞ ውጭ አገር ከምትኖር አክስቷ ጋር ዛንዚባር ሄዳ በአሸዋው ላይ የተነሣችውን ፎቶግራፍ አሳይታለች። የደሴት ከተማዎችን፣ የጥንት የአምልኮ ቦታዎችንና የባሕር ዳርቻን እየዞሩ ማየት በእርግጥ ደስ ያሰኛል። በቀድሞው ጊዜ ምጽዋ ወርዶ ቀይ ባሕርን ማየት አቅም ላለው ቤተሰብ የሚቻል ነበር፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን በአገር ውስጥ የሚኬድበት ባሕር የለንም። አባት ኪሱን፣ እናት ጓዳዋን ያስባሉና ጥያቄው «እስቲ እናያለን» በሚል መልስ ተዳፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንድ ሐሳብ ልናቀርብ ወደናል። የሦስት ቀን ጉዞ ነው። ከየካ ተነሥቶ በእንጦጦ አድርጎ ፍል ውኃ ላይ ያበቃል። ማታ ማታ ሁሉም በየአልጋው ስለሚያድር የሆቴል ሒሳብ የለበትም።

ከመንገዱ በፊት ግን ስለ ስንቁ እንነጋገር። በብዙ ቤት የቤተሰብ ሽርሽር ማለት እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ወጥ የምትሠራበት፣ ሰሐንና ብርጭቆ በዘንቢል የምትሸከምበት፣ መስክ ላይ የምታቀርብበት፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ሰሐን የምታጥብበት ቀን ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ዕረፍት ብሎ መጥራት ያስቸግረናል። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ዶሮ ወጥ አይሠራም። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ የተቀቀለ ድንችና ውኃ ይበቃል፤ ቀኑ የጾም ከሆነ ደግሞ ጭኮው በዘይት ይለወሳል። ይህን ባለቤትዎና ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች በዋዜማው ማሰናዳት አያቅታቸውም። በሶ መጨበጥ የማይችል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ካለም የሚማርበት ጊዜው አሁን ነው።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ከመስቀል በኋላ ያሉት ወራት የተሻሉ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ያንሸራትታል፤ በረዶም ይጥላል። የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ስለሆነ የከተማው ሰው እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ነፍሰ ጡር ወይም የደም ግፊት ያለባቸው አያት ካሉ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር፣ በመኪና መውጣትና ቀስ ብሎ መራመድ ይገባል። ፀሐዩ ሲያቃጥል ውሎ አመሻሹ ላይ ብርዱ ይጀምራልና ለሕፃናት ሹራብ አይርሱ።

የመጀመሪያው ቀን ለየካ ነው። ከታች ያለውን የየካ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው፤ ጥር 12 ቀን ታቦቱ ከጃን ሜዳ ሲመለስ የሚከተለው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። ከበላዩ ባለው ኮረብታ፣ በዛፎቹ መካከል ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ያየው ግን ከዚያ ሕዝብ ስንቱ ይሆን? ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ጣራው የለም፤ ግድግዳውና ውስጡ የተፈለፈሉት ክፍሎች ግን ይታያሉ፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ሣርና ሽበት ከድንጋዩ ላይ በቅሏል። ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል፤ የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። የትኛውም ቢሆን አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ሳትታሰብ በፊት በዚህ ኮረብታ ላይ መዶሻና መሮ ይዞ ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው ነበረ ማለት ነው። ላሊበላ ድረስ መሄድ ላልቻለ ልጅ ይህን በእጁ ዳስሶ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ አቀበት ስለሆነ ማለዳ ይውጡ፤ አቅጣጫውንም ከአካባቢው ሰዎች ይጠይቁ።

በሁለተኛው ቀን በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም በጠመዝማዛው መንገድ እስከ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። የሽሮ ሜዳን የሐበሻ ልብስ ሱቆች ሲመለሱ ቢያይዋቸው ይሻላል፤ ጠዋት ከገቡባቸው እንጦጦ ሳይደርሱ ይመሻል።

እንጦጦ ማርያም ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ቤተ መዘክር የዘመኑን አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ይዟል። የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ቤተሰብም ቤተ መዘክሩንና ቤተ መንግሥቱን መጎብኘት ይችላል። ወደ መቅደሱ የሚገቡ ነጠላ ይዘው፣ ጫማ አውልቀው ይገባሉ፤ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደ ሥርዓቱ ውጭ ሆና ትሳለማለችና ቀኑን ሲመርጡ ይህንንም ያስቡበት። የእንጦጦ ራጉኤልም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ያለውን የምኒልክንና የጣይቱን ቤተ መንግሥት ልጆች ሲያዩ «ይኼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ኖራ የተቀባ፣ የአንድ ባለጸጋ ባላገር ግቢ የሚመስል ነው። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብለው ታሪኩን ይንገሯቸው። በ1870ዎቹ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን እዚህ ጋራ ላይ አደረጉ። ቦታው ለጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የማይቻል ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው በሙቅ ምንጩ መታጠብ ይወዱ ነበርና በዚያ ሜዳ ቤት እንዲሠራላቸው ባለቤታቸውን ጠየቁ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ይህ በ1879 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው አንዲት እመቤት ከብርድ ሸሽታ ገላዋን ለመታጠብ በወረደችበት ጉዞ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። ስለ ጦርነትና ስለ ውል የተጻፈውን ያህል ስለዚህ ጉዳይ ቢጻፍ እንወድ ነበር።

አዲሲቱም ከተማ ብትሆን ወዲያው ችግር ገጠማት። የሚነደውም የሚሠራበትም እንጨት አለቀ። ጽዱና ወይራው ተመነጠረ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ ወገን የመጣው ፈጥኖ አደግ ዛፍ ነው። ስሙም ባሕር ዛፍ ተባለ። እነሆ ባሕር ያላዩት ልጆችዎ ከባሕር ማዶ በመጣው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል። ዛሬ ግን ዛፉ ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩም ሌላ አያበቅልም እየተባለ በየቦታው በአገር በቀል ዛፎች እየተተካ ነው።

ከዚህ ሁሉ ልጆች ሳይረሱት የሚቀሩት ግን ሌላ ነገር ይመስለናል። በዚያ መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። ከአካላቸው የሚሰፋውን የጭራሮና የቅጠል እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አስረው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ያልፋሉ። ከመካከላቸው አሮጊትም ልጃገረድም አለች። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ የአንድ ኩንታል ሲሶ ማለት ነው። ለዓመታት የደን ጠባቂዎች ሲያባርሯቸው፣ የለቀሙትን ሲቀሟቸው ኖረዋል። በ1980ዎቹ የዓለም ሥራ ድርጅት በጉዳዩ ላይ ጥናት አሳትሟል፤ ሸክሙን የተዉ ሴቶችም ተደራጅተው ነጠላና የአንገት ልብስ ወደ መሸመን ገብተዋል። ሸክሙ ግን ጨርሶ አልቀረም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያልገባበት ቤት፣ ወይም መብራት የጠፋበት ቀን፣ እንጀራው የሚጋገረው በዚያው ቅጠል ነው።

እዚህ ላይ እናቶችንና አባቶችን አጥብቀን የምንለምነው ነገር አለ። ልጅዎ «እማዬ፣ ለምን በመኪና አያወርዱትም?» ብሎ ቢጠይቅ «ካልተማርክ እንዲህ ትሆናለህ» ብለው አይመልሱለት። ይህ አባባል በየመንገዱ ይሰማል፤ ተሸካሚዋም ትሰማዋለች። ሴትዮዋ የልጅ ማስፈራሪያ አይደለችም። ምናልባት እርሷም የምታስተምረው ልጅ ይኖራት ይሆናል። ይልቅስ አያትየው አብረው ካሉ እርሳቸው ይመልሱ፤ በልጅነታቸው የቤታቸው ምጣድ በምን ይሰማ እንደነበር፣ ያንን ቅጠል ማን ያመጣላቸው እንደነበር ያውቃሉና። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ዳር ይያዝ። «በርቱ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት» ማለት ዋጋ የለውም አይባልም። ፎቶግራፍ ግን ሳይፈቅዱ አይነሡም፤ አጎንብሰው ያሉ ሰዎች እምቢ ለማለት ቀና ማለት እንኳ ያስቸግራቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም አለ። ፈረስ፣ ብስክሌት፣ በገመድ ተንጠልጥሎ መሻገርና ምግብ ቤቶች ያሉበት ነው፤ ዋጋው ለብዙ ልጆች እናት ያስቸግራልና ልጆቹ ሳያዩት በፊት ስንት እንደሆነ ጠይቆ መወሰን ነው። ጥርት ባለ ቀን ከጋራው ጫፍ ሆኖ ወጨጫን፣ የረርንና ዝቋላን ማየት ግን ያለ ክፍያ ነው። ጅብ ያለበት አገር ነውና ሳይመሽ ይውረዱ።

ሦስተኛው ቀን የፍል ውኃ ነው። እቴጌይቱ በወረዱበት አቅጣጫ ወርዶ፣ በአቀበቱ የዛለውን እግር በሙቅ ውኃ ማፍታታት ነው። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ተራው በዋዜማው መጠየቅ ይጠቅማል። እናት ልጆቹን ሁሉ አጥባ፣ ጠጉር አበጥራ፣ ልብስ አልብሳ በመጨረሻ በተረፈው ደቂቃ የምትገባ እንዳትሆን በዚህ ቀን አስቀድማ ትግባ፤ ትንንሾቹን አባት ውጭ ይያዝ። ፎጣና ሳሙና ከቤት ይያዛል።